«ሆዷን ያማታል»፣ «እሱ ባሴደር ነው»፦ የሴትና የወንድ ልጆቻችን ጭንቀት በመጠይቅ ሲለካ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ቤርሼባ ሽኩና ዳሌት አክስቴ ቤት፣ ቡና እየተፈላ ሳለ ሁለት ወረቀት አመጣችልኝ። ከልጆቿ ሐቲቫ የተላኩ መጠይቆች ናቸው፤ አንዱ ስለ ሴቷ ልጇ፣ አንዱ ስለ ወንዱ። እሷ 12 ዓመቷ ነው፤ እሱ 14 ሊሞላው ነው። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው፣ ተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። አክስቴ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ልጆቹ እንዳይታወቁ ደግሞ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ከልጅቷ ጀመርን። ራሷን ወይም ሆዷን ያማታል ወይ?

«ሆዷንማ ያማታል። ኩፓት ሆሊም ሦስቴ ወስጃታለሁ፤ ምንም የለባትም ብለው መለሱኝ።»

ታዛዥ ናት ወይ?

«እሷን የመሰለ ታዛዥ ከየት ይመጣል!»

ሌላውን ለመርዳት ራሷ ትነሣለች?

«ምን ትያለሽ ልጄ? ባንኩም በእሷ፣ ሐኪሙም በእሷ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚውም በእሷ።»

ወደ ልጁ ስንሻገር፣ ገና ሳልጠይቃት «እሱ ባሴደር ነው» አለችኝ። ሆዱን አያመውም። ይቆጣል ወይ? «ወንድ አይደል እንዴ፣ ይቆጣል።» ያዝናል፣ ያለቅሳል? ሳቀች። «ወንድ ልጅ?»

ወረቀቶቹን አጥፌ ልነሣ ስል በረካውን እየቀዳችልኝ «ብቻ ከእኛ ጋር እንጀራ መቁረስ ከተወ ሰነበተ» አለች። «ወይ ክፍሉ ይዞ ይገባል፣ ወይ አልራበኝም ይላል።» ይህን የማሰፍርበት መስመር ወረቀቱ ላይ ፈለግኩ። የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለሌለው መስመር ነው። በመጀመሪያዎቹ የጉርምስና ዓመታት ሴቶች ልጆች ከወንዶች የበለጠ ይጨነቃሉ የሚባለውን አልክድም፤ መረጃው ጠንካራ ነው። ነገር ግን በእኛ ቤት የሴቷም የወንዱም ጭንቀት የሚወጣበት በር የተለያየ ነው፤ መጠይቁ ደግሞ አንዱን በር ብቻ ነው የሚያንኳኳው። አንዱን በር አንኳኩቶ «እዚያኛው ቤት ሰው የለም» ማለት ስሕተት ነው። እዚህ አገር ላለ ወንድ ልጅ ደግሞ ስሕተቱ ውድ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

መጀመሪያ ለቁጥሮቹ ክብራቸውን እንስጥ። ከዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ጋር በየአራት ዓመቱ የሚካሄድ አንድ ትልቅ የተማሪዎች ጥናት አለ፤ የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ልጆችን ይጠይቃል። እስራኤልም ለብዙ ዙሮች ተሳትፋበታለች። በ2021/22 ዙር በ44 አገሮችና ክልሎች ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ ልጆች መለሱ። ልጆቹ ከሚጠየቋቸው ስምንት ሕመሞች መካከል ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የጀርባ ሕመም፣ ድብርት፣ ብስጭት፣ የእንቅልፍ እጦት ይገኛሉ። ውጤቱ በየዙሩ ተመሳሳይ መልክ አለው፤ በ11 ዓመት ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ በ13 ይሰፋል፣ በ15 ሴቶቹ በግልጽ ብዙ ሕመም ይናገራሉ።

ሱዛን ኖለን ሆክሴማና ጆአን ገርገስ በ1994 ባሳተሙት የታወቀ ግምገማም ተመሳሳይ ነገር እናነባለን። ከ12 ዓመት በፊት በድብርት በኩል ሴቶች ከወንዶች አይበልጡም፤ ልዩነቱ የሚወለደው በ13 እና በ15 ዓመት መካከል ነው። ምክንያቱን በአንድ ነገር ላይ አልጣሉም። ሴት ልጅ ቀድሞም ቢሆን ነገርን በውስጧ የማመላለስ ልማድ ይኖራታል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሰውነቷ ይለወጣል፣ ዓይን ይበዛባታል፣ የሚጠበቅባት ነገር ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ልዩነቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ኦሊምፒያ ካምቤልና ባልደረቦቿ በ2021 ባወጡት ጥናት ከ73 አገሮች የተሰበሰበ የ15 ዓመት ልጆች መረጃ ተመለከቱ፤ ከ560 ሺህ በላይ ልጆች ማለት ነው። በወንድና በሴት ልጆች መካከል ያለው የደኅንነት ልዩነት ሰፋ ብሎ የታየው የፆታ እኩልነት በተሻለባቸው አገሮች ነበር። እኔ ይህን ሳነብ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። በትምህርት ቤት ከወንዶች እኩል ትሮጣለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ ማጀቱ ይጠብቃታል። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው ተረት በሕግ ተሽሯል፣ በቤት ግን ግማሹ ብቻ ነው የተሻረው። ሴቷ ወደ ችሎቱ ገባች፤ ወንዱ ወደ ማጀቱ አልገባም።

መጠይቁን እንደ ጽሑፍ ብናነበውስ?

አክስቴ እጅ ላይ የነበረው ወረቀት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን በ1997 ነው ያወጣው። 25 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ መልሱ «እውነት አይደለም»፣ «በመጠኑ እውነት ነው»፣ «በእርግጥ እውነት ነው» ነው። ለወላጅ፣ ለአስተማሪ፣ ከ11 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ለልጁ ለራሱ የሚሆን ቅጂ አለው። አጭር ነው፣ ጠቃሚ ነው፤ «በሽታ እመረምራለሁ» ብሎም አያውቅም። የማን ጉዳይ ጠለቅ ብሎ መታየት እንዳለበት ለመጠቆም ብቻ ነው። እኔ የምተቸው መጠይቁ መኖሩን አይደለም፤ የእኛን ልጆች ሲያነብ ምን እንደሚያመልጠው ነው።

ሃያ አምስቱ በአምስት ይከፈላሉ፦ ስሜት፣ ጠባይ፣ እረፍት ማጣት፣ ከእኩዮች ጋር ያለ ችግር፣ ለሌላው ማሰብ። የችግሩ ድምር የሚሠራው ከመጀመሪያዎቹ አራት፣ ማለትም ከ20ዎቹ ነው። አምስተኛው፣ ለሌላው ማሰብ፣ እንደ ጥንካሬ ለብቻው ይቆማል።

አሁን ልጅቷን ተመልከቱ። የሆድ ሕመሟ በስሜት ሥር ይገባል፤ እሰየው፣ እዚህ ጋ መጠይቁ በትክክል ሰምቷታል። ታዛዥነቷ ግን የጠባይ ችግር እንደሌለባት ይቆጠራል። ባንክ ቤት ለእናቷ መቆሟ፣ ከሐኪሙ አፍ የእናቷን የማሕፀን ሕመም ሰምታ መተርጎሟ፣ የቢቱዋህ ሌኡሚን ደብዳቤ አንብባ «እማ፣ ገንዘቡን ከልክለውናል» ብላ ማርዳቷ፣ ይህ ሁሉ «ሌላውን ትረዳለች» ተብሎ በጥንካሬ ሥር ይሰፍራል። ሆዷን የሚያማት ምናልባት ይኸው ጥንካሬዋ ቢሆንስ? ወረቀቱ ላይ ሸክሟና ምስጋናዋ በተለያየ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር የለም።

ይህን ስል መተርጎም ሁሉ ጉዳት ነው ማለቴ አይደለም። እኔም በ11 ዓመቴ ጀምሬዋለሁ። የእናቴ አፍ በመሆኔ ኮርቼበት አውቃለሁ፤ ዛሬ ይህን የምጽፍበት አማርኛ የተገኘውም ከዚያ ነው። ግን አንድም ቀን «ደክሞሻል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጎበዝ መባል የዚህን ጥያቄ ቦታ ይወስዳል።

ወንዱን ደግሞ ተመልከቱ። በስሜት ሥር ካሉት አምስት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት መጨነቅን፣ ማዘንን፣ ማልቀስን፣ መፍራትን ነው። አክስቴ እነዚህን ስለ ወንድ ልጅ ስትጠየቅ ትስቃለች። ስለዚህ ልጁ በስሜት ባዶ፣ በጠባይ «ይቆጣል» የሚል ነጥብ ያገኛል። አስተማሪው የሚሞላው ቅጂ ላይ ደግሞ ቁጣው ብቻ ነው የሚታየው። በቶማስ አኸንባክ የ1966 ሥራ የታወቀው ክፍፍል፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚገባ ችግርና ወደ ውጭ የሚወጣ ችግር፣ እዚህ ላይ ሳይታወቅ የሴትና የወንድ ክፍፍል ይሆናል። እሷ «ተጨንቃለች»፣ እሱ «ያስቸግራል»። ለተጨነቀች ልጅ ዮዔጼት ትጠራላታለች፤ ለሚያስቸግር ልጅ ከክፍል መባረር፣ ከሰፈር ደግሞ ሚሽታራ።

ልጁ ራሱ ቢሞላውስ? ይሞላዋል፤ ክፍል ውስጥ፣ ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «እውነት አይደለም፣ እውነት አይደለም፣ እውነት አይደለም» እያለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። በዕብራይስጥ «ኤይዜ ዲካኦን» የምንለው አውቶቡስ ሲያመልጠን ነው፤ ቃሉ ረክሷል። በአማርኛ ደግሞ «የአእምሮ ሕመም» ስንል እናቶቻችን የሚሰሙት «እብደት» ነው፤ ቃሉ ከብዷል። አንዱ ቋንቋ ላይ ነገሩ ቀልድ ነው፣ ሌላው ላይ ውርደት። መካከለኛው ቃል የት አለ?

መካከለኛው ቃል ሆድ ነው

አለ እኮ። ሁሌ እንሰማዋለን። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ተረበሸ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ይፍጀው። ትዕግሥተኛው ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው። «ባህላችን ስለ ስሜት አያወራም» የሚሉ ሰዎች አማርኛውን በደንብ አላዳመጡትም። ባህላችን ስለ ስሜት በጣም ያወራል፤ የሚያወራው ግን በሆድ በኩል ነው።

ይህን ቀድሞ ያስተዋለ እስራኤላዊ ባለሙያ ሥነ ልቦናው ጋዲ ቤንዔዜር ነው። በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ መብላት ስላቆሙ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች አንሥቶ፣ ይህ አኖሬክሲያ ነው ወይስ ኢትዮጵያዊ የመቋቋሚያ መንገድ የሚል ጥያቄ አቀረበ። ሐኪሞቹ ያዩት የምግብ በሽታ ነበር። እሱ ያዳመጠው ግን ሐዘን የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ እንደሆነና በሐዘን የተሞላ ሆድ ለምግብ ቦታ እንደማይኖረው ነው። መልሱ ከሰውነት ክብደት ይልቅ ከመንገዱ፣ ከሱዳን፣ ከቀሩት ዘመዶች ጋር የተያያዘ ነበር።

እንግዲህ የአክስቴን የመጨረሻ ቃል በዚህ አንብቡት። «ከእኛ ጋር እንጀራ መቁረስ ከተወ ሰነበተ።» በእኛ ቤት ከአንድ ትሪ አለመብላት ቀላል ነገር አይደለም። ኩርፊያ ነው፣ ሐዘን ነው፣ መራቅ ነው። እናቲቱ የልጇን ጭንቀት በሚገባ አይታዋለች፤ ስሙን በዕብራይስጥ ስላላወቀችው ብቻ «ባሴደር ነው» አለች። ልጁም ሆዱን አላመመውም፤ ሆዱን ዘጋው።

የሴቷ ሆድ ያማታል፣ የወንዱ ሆድ ይዘጋል። የመጀመሪያው ነጥብ ያገኛል፤ ሁለተኛው አያገኝም። አባቶቻችን የተዘጋ ሆድ መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይሉ ነበርና። ብቅሉ ዛሬ ቮድካ ነው፤ መናፈሻ ውስጥ፣ ዓርብ ማታ።

ሌላም አዳማጭ ነበረን

ቤርሼባ ውስጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይረዳናል። ኒምሮድ ግሪሳሩ፣ ዳኒ ቡዶቭስኪና ኤሊዔዘር ዊጽቱም በ1997 ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ ስለሚታየው ዛር ጽፈው፣ ይህ የአእምሮ በሽታ ነው ወይስ በባህል የተቀረጸ የጭንቀት መግለጫ ብለው ጠየቁ። ዛር በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ከመልካም አያሁ ቤት ተቀምጦ የመዘገበውም በአብዛኛው የሴቶች ዓለም ነበር። በሌላ ጊዜ አፏን ይዛ የምትኖር ሴት በዛሯ አፍ ትጠይቃለች፦ ሽቶ፣ ቡና፣ ልብስ፣ መከበር። ቤተሰቡም ተሰብስቦ ይሰማል፣ ያሟላል።

ዛርን ላመሰግን አይደለም፤ ፍርሃቱንም ወጪውንም ከአያቴ ሰምቻለሁ። ማለት የፈለግኩት፣ የሴትና የወንድ ጭንቀት በተለያየ በር መውጣቱ መጠይቁ የፈጠረው ነገር አይደለም ነው። ከጎንደር ይዘነው መጥተናል። ለሴቷ ቢያንስ የሚሰማት ጉባኤ ነበራት፤ ለወንዱ ጠላ ቤቱ ነበረው።

ደግሞ አንድ ትውልድ መሃል ላይ ጠፍቶብናል። የብዙዎቻችሁ ወላጆች በ1984–85 በሞሼ ዘመቻ ወይም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ሲመጡ እናንተ አሁን ባላችሁበት ዕድሜ ነበሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። በ13 ዓመታቸው ማታ ማታ «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሽ ነው?» የሚላቸው እናትና አባት አጠገባቸው አልነበረም። ታዲያ ዛሬ የ13 ዓመት ልጃቸው በሩን ሲዘጋባቸው፣ ከየት ተምረው ያንኳኩ? ይህን የምለው ወላጆችን ለመክሰስ አይደለም። ዝምታው ከጎንደር ብቻ እንዳልመጣ፣ ግማሹ እዚሁ እንደተማርነው ለማስታወስ ነው።

«ባህል ነው» ማለትም አይበቃም

በራሴ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። በ44 አገሮች፣ በብዙ ቋንቋዎች የታየ ልዩነት የትርጉም ስሕተት ሊሆን አይችልም። ልክ ነው። ሴቶች ልጆቻችን በእርግጥ ይጨነቃሉ፤ የወንዶቹ ዝምታ ስላሳሰበኝ የእነሱን ሕመም ላሳንስ አልፈልግም። «ኩፓት ሆሊም ሦስቴ ሄዳ ምንም የለባትም ተባለች» የሚለውን ቃል ደግሜ አነበዋለሁ፤ የምትናገረዋም ልጅ ቢሆን ገና አልተሰማችም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ነገ አንዱ ባለሙያ ይህን አንብቦ «ኢትዮጵያውያን በሆዳቸው ነው የሚያዝኑት» ብሎ አዲስ ሣጥን ይሠራልናል። ሁለተኛው ትውልድ ግን በሁለት ቋንቋ ነው የሚያዝነው። የአክስቴ ልጅ ለጓደኛዋ በዋትስአፕ በዕብራይስጥ «ሐራዳ» አለኝ ትላለች፤ ለእናቷ «ሆዴን» ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው። ጥሩ አዳማጭ ሁለቱንም ይሰማል፤ በቆዳዋ ቀለም ብቻ አንዱን አይመርጥላትም።

በወንዶቹ በኩል አለመሰማት የት እንደሚያደርስ ደግሞ ሁላችንም አይተናል። በጥር 2019 ባት ያም ላይ ይሁዳ ቢያድጋ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ወጣት፣ ቤተሰቡ እርዳታ ፈልጎ ለፖሊስ ደውሎ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ከዚያ በፊት በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት በወጣቶቻችን ላይ ስላለው ከመጠን ያለፈ የፖሊስ ክትትል ተናግሮ ነበር። የ13 ዓመት ልጅ ኩርፊያና የባት ያሙ ሞት አንድ ናቸው አልልም፤ በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ። ግን በዚያ መንገድ ላይ ሁሉ የወንድ ልጃችን ሕመም «ጠባይ» ተብሎ ከተነበበ፣ የሚመጣለት ሰው ሁልጊዜ ዩኒፎርም የለበሰ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ትልቅ ነገር አልጠይቅም። የወላጁ መጠይቅ በአማርኛ ይሰጥ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ሜጋሼሬት ወይም ሌላ አዋቂ ሰው ያንብብለት፤ ልጁ ራሱ ስለ ራሱ ወይም ስለ እህቱ እንዳይተረጉም። ከ25ቱ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ክፍት ጥያቄ ይጨመር፦ ከቤተሰቡ ጋር ይበላል? ሰው ሲመጣ ሰላም ይላል? በቤቱ ውስጥ ለማን ያስተረጉማል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ? «ይረዳል» ተብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኘች ልጅ ለብቻዋ ተጠርታ «ደክሞሻል ወይ?» ትባል። «ያስቸግራል» የተባለም ልጅ ከመባረሩ በፊት አንድ ሰው «ምን ሆነሃል?» ይበለው።

ያን ማታ ሌላ ቦታ ስላጣሁ ከልጁ ወረቀት ጠርዝ ላይ በዕብራይስጥ «ከቤተሰቡ ጋር መብላት አቁሟል» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዮዔጼቷ ስለ ልጅቷ ደወለች፤ ነጥቧ ከፍ ብሎ ነበርና። ጥሩ ሴት ናት፣ ልጅቷን አሁንም ታገኛታለች። ስለ ልጁ ግን የደወለ የለም። ጠርዝ ላይ የተጻፈ ነገር ነጥብ የለውም።

አክስቴ ግን ጥያቄዎቹ ከአእምሮዋ አልወጡም። አንድ ማታ ትሪውን ይዛ እሱ ክፍል ገባች፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ መብላት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ እሱም እጁን ሰደደ። ያን ቀን አልተናገረም። በሳምንቱ ግን አንድ ነገር ነገራት፤ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ «ማ ኒሽማዕ?» ስትባሉ «ባሴደር» ማለት ይቀላል፤ እኔም እላለሁ። ከእናንተ ግን ሆዱ የሚያማት፣ ወይም ሆዱን የዘጋ ካለ ለአንድ ሰው በሚችለው ቋንቋ ይናገር። ቤት ውስጥ የሚናገሩት ሰው ካልተገኘ የዔራን መስመር 1201 አለ፤ ቀንም ሌትም ይሠራል፣ ስም አይጠይቅም።